ሜዳ ነው ይላሉ

"ሜዳ ነው" ይላሉ፣
ከአውቶቡስ ወርደው ሱቄ በር ላይ ቆመው፣
"ዳገት የለ፣ ገደል፤ ሕፃን ይነዳዋል፣ እንኳን ትልቅ ሰው።"
እኔ ዝም እላለሁ።
ኮርቻውን ዝቅ፣ ከፍ፤ ጎማውን ነፋ ነፋ፤
መያዣ ሃምሳ ዩሮ፤ ደረሰኙ እንዳይጠፋ፤
"አሸዋ ላይ እንዳትነዱ፣ ሰንሰለቱን ይበላል፤
ጀንበር ሳትጠልቅ መልሱ፣ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል።"
ስለ ነፋሱ ግን አንድም ቃል።

ሠላሳ አንድ በጋ እዚሁ ዜላንድ አከራየሁ፤
ዳገታችን አይታይም እንጂ እኔ ስንቱን ሲጥል አየሁ።
ሲሄዱ ከኋላ ነው፣ እየገፋ፣ እያባበለ፣
"ጎበዝ ነኝ" ያሰኛል፣ እግሩን ያላሠራ ሁሉ እየከነፈ ስለዋለ፤
ሲመለሱ ደረት ላይ ይቆማል፦
"ወለዱስ?" ይላል።

ባሕሩ ከኛ በላይ ነው። ይህንንም አልነግራቸውም።
ከሣሩ ግድብ ማዶ፣ ከጣራችን ከፍ ብሎ፣
የመርከብ ምሰሶ ያልፋል፣ በጎች መሐል የበቀለ መስሎ፤
ያኔ ፍሬን ይይዛሉ።
እኛ ለምደነዋል። አያቶቻችን ናቸው ውሃን በአፈር ያጠሩ፤
ሌሊት ማዕበል ሲጮህ ብቻ ነቅተን እናዳምጣለን፣ ደህና ነው ወይ አጥሩ።

በሐምሌ፣ በኛ በጋ፣ አንድ ሐሙስ ሁለት ሴቶች መጡ፣
ከደቡብ፣ ከኮረብታው አገር፤
እህትማማች ናቸው፤ እንደ ባዳ ተራርቀው ተቀመጡ።
ቶስ ትልቋ፣ ፊን ታናሿ፤ ጠጉራቸው እኩል ሸብቷል፤
አንዷ ለሌላዋ የምትለው ሁሉ በኔ በኩል ያልፋል።
"ንገራት፣ ቅርጫት ያለው ነው የምፈልገው።"
"ንገራት፣ ማን ከለከላት?"
"ሌንደርት" እባላለሁ፤ የዚያን ቀን ፖስታ ቤት ሆንኩ።

የቀረኝ ግን አንድ ነበር፣ ባለ ሁለት ኮርቻው፣
አረንጓዴ፣ ረጅም፣ እንደ በሬ ጥማድ ሰው የሚያጣምደው።
ፊት ያለው መሪ ይይዛል፣ መንገዱን ያያል፤
ኋላ ያለው የፊተኛውን ጀርባ ያያል።
ቶስ ፊት ወጣች። ማን ሊጠይቅ? ታላቅ ናት።
ፊን ከኋላ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
አፏን እንደ ኪስ ቆልፋ።

ሜዳ ላይ ምስጢር የለም፤ ድምፅ የሚያቆም ጋራ የለማ።
ግድቡ ላይ ሲጯጯሁ በግ ጠባቂው ማሪኑስ ሰማ፤
ዛጎል ቀቅላ የምትሸጠው ያኮሚና ሰማች፤
ከቀትር በፊት መንደሩን አዳረሰች።
የእናታቸው የግድግዳ ሰዓት ነው ነገሩ፦
ማን ወሰደው? ለማን ሳይነግር? ከቀብሩ በፊት ነው ወይስ ከቀብሩ
በኋላ?
"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ" አለች ያኮሚና፣ ድስቷን እያማሰለች፣
"ስለ አንድ ሰዓት!" ብላ ሳቀች።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ ወለዱን ሊቀበል ቆመ።
ማሪኑስ ከሩቅ እንዳየው (እሱ ትንሽ ይጨምራል)፣
ቶስ ትረግጣለች፣ ትረግጣለች፣ ብስክሌቱ የተቸነከረ ይመስላል፤
ፊን ኋላ እግሯን አንስታ፣
እንደ ሙሽራ ተቀምጣ፣ የባሕር ወፍ ታያለች።
ከየት ጀምሮ? ከነፋስ ወፍጮው ይሆናል፤ ማንም አላየ።
ቶስ ዞር አላለችም፤ ፊት ያለ ሰው ከዞረ ይወድቃል።
ቆመች። ወረደች።
የተባባሉትን ግን፣ ያንን ብቻ፣ አንድም ጆሮ አልያዘው፤
ነፋሱ ወደ በጎቹ ወሰደው።

መብራት ከበራ በኋላ ደረሱ። ፊን ፊት ናት። ቶስ ኋላ፣
ጫማዋ አሸዋ የሞላ፣ ጉንጯ እንደ ቲማቲም የቀላ።
ኮርቻዎቹን ራሳቸው አስተካክለው፣ ሁለቱም ጠመዋል።
"ሜዳ ነው ብለኸን ነበር" አለችኝ ቶስ።
"እኔ አላልኩም።"
ፊን ሳቀች። ቀጥታ ለእህቷ፦ "እውነቱን ነው፣ ምንም አላለም።"

የዘገየ ይቀጣል፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣
ታሪፉ አሥር ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ...
ቃሏ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።
መያዣቸውን ሙሉ መለስኩ፣ "ደህና እደሩ" አልኩ፣ መዝጊያውን ሳብኩ።
የጠመሙትን ኮርቻዎች ግን
እስከ ቅዳሜ አላቃናኋቸውም።