ሳንቲም ያስገቡ

ጉዋይማስ ላይ፣ ከወደቡ ሽቅብ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
አንድ ሣጥን ቆሟል፤ ቀለሙን የሶኖራ ፀሐይ የላጠችው።
በግራ ጎኑ የተጣራ ውኃ፣ በቀኝ ጎኑ በረዶ።
ሻጭ የለበትም። የሴት ድምፅ ግን አለው፦
«ሳንቲም ያስገቡ» ትላለች፤
የማን ሚስት፣ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤
ሌሊት አትተኛም፣ በፋሲካም አታርፍም።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ ሆዱን ከፍቼ ማጣሪያ እቀይራለሁ።
ሲገባ እንደ ባዘቶ፣ ሲወጣ እንደ ዝገት፤
የከተማው ቧንቧ የዋጠው ሁሉ አለበት።
በጣቴ ቆንጠር አደርግና
«ይኼ እኮ ሆዳችን ሊገባ ነበር» እላለሁ፤
ከዚያ እጄን እታጠባለሁ፣ በዚያው በቧንቧው ውኃ።

ወረፋተኛውን ከጀርባው አውቀዋለሁ።
ኤርሊንዳ ጀሪካኗን ሦስቴ ታለቀልቃለች፣
በአራተኛው አፉን ታሸታለች፣ እንደ ሕፃን አናት።
ኡባልዶ፣ ዓሣ ሻጩ፣ በረዶ እንጂ ውኃ አይገዛም፤
«ውኃማ ባሕሩ ሙሉ!» ይላል፤
ስድስት ዓመት ይቺኑ ቀልድ፣
ስድስት ዓመት የሳቀለት የለም።
የጎሚስታው ልጅ ቶሪቢዮ የተጣመመች ፔሶ በድንጋይ ያቃናል፤
ሣጥኑ ይተፋታል፤ ደግሞ ያጎርሰዋል፤ ደግሞ ይተፋታል።
ከጠብታው ሥር አንድ አንካሳ ውሻ፣
ሳይከፍል የሚጠጣ እሱ ብቻ።

ሐምሌ ነበር። ቀኑ አርባ አራት ዲግሪ ውሎ ሌሊቱም አልበረደም።
ትራንስፎርመሩ ፈነዳ፤
ከመንገዱ ወዲያ ሰፈሩ ተዳፈነ፣
ከመንገዱ ወዲህ ሣጥኑ ብቻ በራ።
ሰው ሁሉ ወደዚያ ብርሃን፣ እንደ እሳት እራት።
እኔም የሚያፈስ ጎማ ላስር መጥቼ ነበር።

ኒካኖር የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣ።
አንድ ከረጢት ወሰደ። ሁለት። አራት።
በረዶው ሲወርድ፣ ጠጠር የሚገለብጥ መኪና።
ሰባተኛው ላይ ወረፋው አጉረመረመ።
«ሠርግ ነው እንዴ?» አለ ኡባልዶ፣ «ወይስ ጀልባ ገዛህ?»
ኒካኖር ዞር ሳይል
«ለአባቴ ነው» አለ።
«ወንድሜ ከቲኋና እስኪደርስ።
ነገ ማታ ይገባል።»

ዝም አልን።
ያቺ ሴት ብቻ፦
«ሳንቲም ያስገቡ።»

ኪሱን ገለበጠ፤ ጨርቁ እንደ ምላስ ወጣ።
ኤርሊንዳ የመሐረቧን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች።
ኡባልዶ ሰጠ፤ ሁለቴ ቆጥሮ፤ ግን ሰጠ።
ቶሪቢዮ የተጣመመችዋን ፔሶ ከተታት፤
ሣጥኑ ዋጣት።
ለምን ያን ሌሊት እንደዋጣት እስከ ዛሬ አላውቅም፤
መካኒኩ እኔ ነኝ።

የሣጥኑ ቁልፍ ቀበቶዬ ላይ ነበረች።
መክፈት እችል ነበር፤ በረዶውን በአካፋ መዛቅ።
ባለቤቱን ፈርቼ መሰለኝ፤ ወይ ልማድ ይሆናል፤
ተሰልፌ፣ ተራዬን ጠብቄ፣
እንደ ማንም ሰው አሥር ፔሶ ጣልኩ።

በነጋታው ከኒካኖር ደፍ ሥር ቀጭን ውኃ ወጣ፣
አቧራውን እየሰነጠቀ መንገዱ ድረስ።
ውሻው መጥቶ አሸተተው፣
ጆሮውን አቀና፣
አልጠጣም።

ሐሙስ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ እንደ ወትሮው ዝገት።
ቁልፏ ትንሽ ናት፤
ስራመድ ግን ትሰማለች።