አንድ ጣት

ቅዳሜ ማለዳ፣ በፓውላክ ጸጉር ቤት፣
ሽማግሎች ሲይዙ የድሮ ልጆች ሙግት፣
መቀስ ሥራ ይፈታል፣ ጋዜጣ ይታጠፋል፤
“ማን ነበር ታላቁ?” ሲባል ቤቱ ይታመሳል፤
ጥርስ ያለው በጥርሱ ቃሉን ይነክሳል፣
ጥርስ የረገፈው በድዱ ይሟገታል።

“ሩዲ ነው፣ ሃቭርላክ! በሃምሳ ስምንቱ
ስድስት ሰው ጎትቶ፣ ተንጠልጥለው ባንገቱ፣
ማልያው ተቦጫጭቆ፣ ቁሩ ተሰንጥቆ፣
በደረቱ ገባ እንቁላል ኳስ አንቆ።”

“ወዲያ! ያንተ ሩዲ ጉልበት እንጂ ምኑ?
ሌሮይ ፔቲግሩ ነው የሩጫ ሚዛኑ፤
ኳስ ከአየር ላይ እንደ ፖም ሲቀጥፍ
ጥላው ነበር ደክሞት ከኋላ የሚያርፍ።”

“ቨርነን ታትልሳ?” ፓውላክ ምላጭ ስሎ፣
“ክንዱ መድፍ አልነበር?” “ምላሱም!” ተብሎ
ሣቅ ቤቱን ይሞላል፣ ከሳሙናው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ።

ሩዲን ብረት ማቅለጫው በልቶት ቀርቷል፤
ሌሮይ ክሊቭላንድ ነው፣ በከዘራ ይሄዳል፤
ቨርነን መኪና ይሸጣል፣ አሁንም ያወራል።
እዚህ ቤት ውስጥ ግን
ከዐሥራ ሰባት ዓመት አንዳቸው አያልፉም፤
ሁልጊዜ ዓርብ ማታ፣ መብራቶች አይጠፉም።

እኔ ዝም እላለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሜዳው ጠርዝ ቆሜ ሰንሰለት ይዣለሁ።
ዐሥር ያርድ ብረት፣ በሁለት ዘንግ ታስሮ፤
ዳኛ ሲጠራኝ ነው ያኔ የኔ ኑሮ፦
እየሮጥኩ እገባለሁ፣
የልጅ ላብ፣ የልጅ ደም፣ በብረት እለካለሁ።

ከነሱ አፍ የማይወጣ አንድ ልጅ ነበረ፣
ሚሎ ዱዳ የሚባል፤
ስሙን ያነሣሁ ቀን ዳንሞር ሙሉው ዱዳ ይሆናል።
የጫማ ሰፊው ልጅ፤ አጭር፣ ድንጋይ ትከሻ፣
ጥፍሩ ሁሌ ጥቁር፣ ከጫማ ቀለም።
በስልሳ አንድ ኅዳር፣ በውድድሩ መጨረሻ፣
ከኮርሊስ ጋር ገጥመን፣ በአንዲት ነጥብ ተቀድመን፣
ዝናቡ በረዶ፣ በረዶው ዝናብ ሆኖብን፣
የመጨረሻው ሙከራ ላይ
ሚሎ ኳሷን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ጭቃው ውስጥ ጠለቀ፤
ሰው በላዩ ወደቀ፣ በሰው ላይ ሰው ወደቀ።
አንድ በአንድ ተነሡ። እሱ ግን አልተነሣም፣
ኳሷን ካረፈችበት ንቅንቅ አላደረጋትም፤
ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ሰንሰለቱን ወጠርኩ።
አንድ ጣት ጎደለ። በሌባ ጣቴ ልክ።
የዳኛው መነጽር በዝናብ ታውሮ፣
ዘንጌን ጋደል ባደርግ፣ ሌባ ብሆን ኖሮ፣
ሦስት ሺህ ሰው ይዘል ነበር።
ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።

ሚሎ ያኔ ተነሣ። ጭቃዋን በማልያው ጠረገ፣
ኳሷን ለዳኛው ሰጠ፣ አንገቱን ቀና እንዳደረገ።

በዚያው ሌሊት ያባቱን መስኮት በድንጋይ ሰበሩት።
በጸደይ ላይ ሚሎ አውቶቡስ ተሳፈረ፣
ኢሪ ሐይቅ ዳር ወርዶ መርከብ ሲጭን ኖረ፤
ከፓውላክ ግድግዳ፣ ከፎቶዎቹ መሃል፣ ምስማሩ ብቻ ቀረ።

አምና በመስከረም፣ ከብረታ ብረት ሱቄ
የበር ማጠፊያና ሃያ ምስማር የሚሻ ሽማግሌ ገባ።
ትከሻውን አወቅሁት።
“ስንት ነበር?” አለኝ።
የምኑን አላልኩም። ሌባ ጣቴን አሳየሁት።
አየ፣ አየና ሣቀ፦ “እኔኮ ሁለት መስሎኝ!
አርባ ዓመት ሙሉ አንዱን በከንቱ ተሸከምኩት።”
ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት
“ልክ ነበር” አለኝ።
ሃያ አንድ ምስማር ሰጠሁት፤
ቆጠረ፣ አንዱን መለሰልኝ።

ዛሬም ሙግቱ ጋለ። ሲደክማቸው ወደኔ ዞሩ፦
“አንተ ሁሉን የለካህ፣ ማን ነበር? በል ተናገር!”
ሌባ ጣቴን አነሣሁ።
ፓውላክ ፎጣውን አራገፈና
“ና ተቀመጥ” አለኝ፤ “ተራህ ደርሷል።”