ላነሣት ስል

ደጀን አፋፉ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጎን፣
ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ አንዳንዴም ሠርግ ሲሆን።
«ቀና በል፣ አትሣቅ፣ ጆሮህ ይታይ» ስል፣
ስንቱ ሰው ደረቀ እንደ በጋ ቅጠል።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር፣ ሥራ በቀዘቀዘ፣
አንድ ሐሳብ ልቤን እንደ መዥገር ያዘ፤
ሰስ ላነሣ ወጣሁ።
ሰው አይደለም፣ ሰስ፣
ገደሉን እንደ ሜዳ የምትመላለስ፣
አራት ኮቴ ሰብስባ ባንዲት ሳንቲም ላይ
ቆማ የምትውል፣ ወደ ዐባይ የምታይ።

መሪዬ አያ አንለይ የድሮ አዳኝ ነው፣
ጠመንጃውን ሸጦ በሬ የገዛ ሰው።
ከነጠላው በታች ገመድና ኮዳ፤
እኔ ጠጠር ሳስነሣ፣ ዐይኑ ነው የሚጎዳ።

ጎህ ሳይቀድ ወረድን። የዐባይ ጭጋግ ከሥር
ያልታጠበ ቡልኮ መስሎ ተኝቶ ነበር።
ክትክታውን አለፍን፣ አባሎው ቀረ ከላይ፣
ግራር ሱሪ ቀደደ፣ ሁለት ቦታ፣ ጉልበት ላይ።
«ቀስ!» አለኝ። «ነፋሱን አስቀድመህ ጠይቅ፤
ሽታህ ቀድሞህ ከሄደ፣ አንተ ምን ልትጠብቅ?
ሽቶ ተቀብተሃል?»
«ለደንበኛ ነው» አልሁ።
«እሷ ደንበኛህ አይደለችም።»
አፈር ዘገን አደረግሁ፣
አንገቴን፣ ክንዴን አሸሁ።

ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። አንድ ሰዓት። ሁለት።
እግሬን እንቅልፍ ወሰደው፣ ጉንዳን መጣበት።
«የታለች?» አልሁ በከንፈር።
«እያየሃት ነው» አለ።
እኔ የማየው ድንጋይ ነው፣ ሽበት ያበቀለ፤
ቢጫ ሽበት፣ ግራጫ ሽበት፣ ፀሐይ የቆላው ጥጥ።
ድንጋዩ ጆሮ አወጣ።
ድንጋዩ ዐይን አወጣ፤ በጥጉ ጥቁር ነቁጥ፣
ስትኳል እጇን ነክተዋት ኩሉ ያመለጣት ይመስል።

ሌንሱን አዞርሁ። ትንፋሼን ቆለፍሁ።
ጣቴን ከቁልፉ ላይ በቀስታ አሳረፍሁ፤
ላነሣት ስል ተነሣች።
በአፍንጫዋ ፉጨት ነፋች።
ከየት እንደሆነ እንጃ ሌላ ፉጨት መለሰ፤
ገደሉ እየተቀባበለ ድምፁን ቆራረሰ።
«ጠቅ» አለ ካሜራዬ፣ እንደ ዘገየ ይቅርታ፣
የተረፈኝ ድንጋይ ነው፣ የቆመችበት ቦታ።

አያ አንለይ አልሣቀም። ኮዳውን አቀበለኝ።
«የጣልኋቸው» አለ፣ «ተበሉ፤ መልካቸውም ጠፋኝ።
የሳትኋት አንዲት ሰስ ግን
ሌሊት ናት የምትታየኝ።»

ምስሉን አሳድጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ፤
«ድንጋይ ትሸጣለህ?» ሲሉኝ፣ ዝም እላለሁ።

ጥር ላይ ባልና ሚስት ከቁይ ገጠር መጡ፤
ለመታወቂያ ነው፣ በጠዋት የወጡ።
ወይዘሮ ይታይሽ ሻሿን አጠበቀች፣
ከበርጩማው ጫፍ ላይ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤
ተረከዟ መሬት አይነካም።
ባሏ በሩ ላይ ቀረ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣
ዱላው ላይ ተደግፎ ያያል መንገዱን፣
አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ።

«ቀና ይበሉ» ልል ነበር። ተውሁት።
ካሜራውን ከጉልበቴ አሳረፍሁት።
አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋ። ሎሚ ሻጭ አለፈ።
ትከሻዋ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ አረፈ፤
ከዚያ በራሷ ጊዜ ቀና አለች።
ጠቅ።

በድምፁ ባሏ ዞረ፤ ዐይኑ ግድግዳው ላይ ዋለ።
«ሰስ የቆመችበት ነው» አለ።
«እንዴት ዐወቁ?»
«ጫፉ ተልጓል፣ አታየውም? ኮቴዋ ሞረድ ነው።
ሌላውስ?»
«ሌላ የለም። ያየኋት አንዲት ነው።»
«አለ እንጂ» አለኝ ሰውዬው፣ ሚስቱን በዐይኑ ጠርቶ፣
«አንዷ ስትግጥ አንዱ ያያል፤ አይለያዩም ከቶ።
አንተ እሷን ስታነጣጥር፣
እሱ ከኋላህ ነበር።»