የውሸት ስብራት

መወልወያዬን ከግድግዳ አስደግፌ፣
የጓንቴን ውሃ አራግፌ፣
ገባሁ አጥንት ክፍል፣ ቁጥር ሰባት በር፤
ከወለል አንስተው አስተርጓሚ አደረጉኝ፣ ያለ አንድ ዲናር።

ሐምሌ ነው፤ ጀህራ ላይ ፀሐይ እንደ አበዳሪ
በር ለበር ትዞራለች፣ የለም እሷን ደፋሪ።
ውስጥ ግን ብርድ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር
ጦይባ የምትባል የሐርቡ ልጅ ተቀምጣ ነበር፤
እመቤቷ ከደጃፉ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ፣
ቆማለች ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ደቂቃውን ቆጥራ።

ዶክተሩ የግብፅ ሰው ነው። ራጁን መብራት ላይ ሰቀለ፤
ጭኗ እንደ ጉም ታየኝ፣ ነጩ የኮበለለ።

«ሊን ዒዛም» አለ፤ «ንገሪያት» አለ በጣቱ።
ዒዛም አጥንት ነው፣ ሊን ልስላሴ፤
ፍቺው መች ጠፋኝ፣ ከበደኝ እንጂ ማውጣቱ።
ልስላሴ በእኛ አፍ የሕፃን ጉንጭ ነው፣ ጥጥ፤
ሰው በቁሙ እንደ ሻማ ከውስጥ ሲቀልጥ
ምን ይባላል?

«አጥንትሽ» አልኳት፣ «ፀሐይ ጠምቶታል።»
ሳቀች። «በኩዌት? እኅቴ፣ ማን ይሰማሻል?
ስድስት ዓመት ያየኋት መጋረጃ ሳወርድ ነው፣ በመስታወት፤
ሰገነቱ ተቆልፏል፣ የጎረቤት ልጅ ከወደቀችበት ዕለት።»

ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። ዶክተሩ በእስክሪብቶ እየነካ፦
ኦስቲዮክላስት አፍራሹ ነው፣ አሮጌ አጥንት የሚንድ፤
ኦስቲዮብላስት ገንቢው፣ ከኋላ መጥቶ የሚክብ አንድ ባንድ።
አጥንት ዝም ያለ እንጨት አይደለም፣ ሲፈርስ ሲሠራ ያድራል፤
የእሷ ግን ካልሲየም አጥቶ፣ እርጥብ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።
ጦይባ በመስኮት የማዶውን ክሬን አየች። «የኔዎቹ
እንደነዚያ ናቸው በላ፤ ይሠራሉ፣ ሲሚንቶ ከልክለዋቸው አሠሪዎቹ።»

ከዚያ ጣቱ አረፈ ራጁ ላይ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር፤
ስሙ የውሸት ስብራት ነው አለኝ፣ አጥንቱ ሳይሰበር
የተሰበረ የሚመስል።

«የውሸት?» አለች ጦይባ። «ማን ነው የዋሸው?
ደረጃ ስወጣ፣ ጭኔን እንደ እሾህ ሲወጋኝ፣ እውነት ነው።»

«ሌሊት ያማታል ወይ?» ሲል ጠየቀ።
ዓይኗን ወደ ደጃፉ ላከች፤ ድምጿ ወደቀ፦
«እንዳትነግሪው። ታማለች ካሉ ይመልሱኛል፤
የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ ገና ግማሹ ይቀረዋል።
የስድስት ዓመት ብሬ መቅኖ ቢስ ሆኖ ቀረ፤
አሁን መቅኔዬም ሊከተለው ነው?» አለች፣ ከንፈሯ እያረረ።

ምላስ አጥንት የላትም ይላሉ አባቶች፤
እንግዲህ ለራጅም አትመች፣
ሐኪምም አያገኛት። የኔዋ ያን ቀን በሁለት ቋንቋ መሐል
ተሰበረች ልበል? ወይስ እሱም የውሸት ነው? ማን ያውቃል።

«ላ» አልኩት። አያማትም ሌሊት።
ጻፈው። እስክሪብቶው ሄደበት።

ጠብታ ታዘዘላት፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ፀሐይ፤
እመቤት «መስኮት አለን» አለች፣ ቀና ብላ ሳታይ።
መስታወት ያንን ብርሃን እንደሚያስቀር ሊያስረዳ
አፉን ሲከፍት፣ መድኃኒት ቤት ወርዳለች ልትከፍል ዕዳ።

ወንበሩን ገፋሁ፣ በጓሮ በኩል፣ በአምቡላንሱ በር።
ሙቀቱ ፊታችንን በጥፊ መታው። ሲጋራ የሚያጨስ ሾፌር
ቦታ ለቀቀልን።
ቀሚሷን እስከ ጉልበት ሰበሰበች፣ እጅጌዋን ጠቀለለች፤
ቅልጥሟ ጨለማ ውስጥ እንደበቀለ ቡቃያ ገርጥቷል። ዓይኗን ጨፈነች።
ላብ በአንገቷ ወረደ። ተቆጣጣሪው ከኮሪደሩ ስሜን ይጠራል፤
መወልወያዬ እዚያው እንደተደገፈ ይሆናል።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
አራት ሆኖ ነበር።
«ገና አንድ» አልኳት።