ባለ ሁለት ጭረት

ጥቅምት ሲብት ነበር፣ የመገጭ ውሃ ሲጠራ፤
የሻረግ ከጌሾው ጥግ ተቀምጣ እንቁላል ስታጣራ፣
እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስታ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና በአንዱ አይታ፣
አሥራ አንዱን መረጠች።
ከምድጃው ከሰል አነሳች፣
በየሆዳቸው አንዳንድ ጭረት አሰመረች፤
«አዲስ ስትጥል እንዳይደባለቅ» አለች።
በአንደኛው ላይ ግን ሁለት አኖረች።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤
ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሁሉን አይጠይቅም።

በተሰበረው እንስራ ግማሽ ጭድ ጎዝጉዛ፣
ገብስማዋን ዶሮ አስታቀፈች፣ በሁለት እጇ ይዛ።
«ሃያ አንድ ቀን ነው፤ አደራ» አለችኝ፣
«ውሃዋን እንዳትረሳ»፣ እንደ ተማሪ እያስጠናችኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ነጭ ሽንኩርቷን ስታርም፣
ጎንበስ እንዳለች ቀረች፤ እንደ ሌላው ቀን ቀና አላለችም።
ጣቶቿን ስንፈታቸው አንድ እፍኝ አፈር ነበረበት፤
እዚያው መደቧ ላይ መለስኩት።

ድንኳን ተተከለ፤ የእድሩ ወንበርና ብረት ድስት መጣ፣
ከጠዳ፣ ከማክሰኝት፣ ከቆላ ድባ ሰው ወጣ።
በሠልስቱ ማታ ያጎቷ ልጅ እንየው ቢላ ስሎ፣
«እንግዳው በዝቷል፣ ይችን ዶሮ እንያዛት» ብሎ
ቅርጫቱን ሊያነሳ ሲል፣
ሦስት ቀን ቃል ያልወጣኝ ሰው
«ተው!» ብዬ ጮህኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞረብኝ።
«ተው፣ ሥራዋን አልጨረሰችም» አልኩኝ።
ስለማን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም።

ሌሊት ሌሊት፣ ለቅሶ ደራሹ ሲያንጎላጅ፣
ውሃ አደርስላት ነበር፣ በእሷ ጣሳ፣ በእኔ እጅ።
ዶሮዋ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር፤
እሷ እንኳ የምትጠብቀውን የምታውቅ ፍጡር።

ዘጠኙ ተፈለፈሉ፣ ድንኳኑ በተነሳ ማግሥት።
ሁለቱ ግም ነበሩ፤ ቀበርኳቸው ከጌሾው ሥር፣ ከእርጥቡ መሬት።
ባለ ሁለት ጭረቱን ቅርፊቱን ብቻ አገኘሁት፤
የትኛው ጫጩት እንደወጣበት አላወቅሁት።

በኅዳር አንዱን ጭልፊት ነጠቀ፣ ሁለቱን ሸለምጥማጥ።
«ጭልፊትም እኮ ልጆች አሉት» ትል ነበር፣
ድንጋይ እየወረወረችበት።

አርባዋ ጾም ላይ ዋለና ገብስማዋ ተረፈች፤
በቀሳውስቱ እግር ሥር፣ ስድስቱን አስከትላ፣
የዳቦ ፍርፋሪ ለቀመች።

ለፋሲካ አንዱን አውራ አረድኩ። ማረዱ ድሮም የእኔ ነው፤
መበለቱ ግን የእሷ ነበር፣ እጄ የማያውቀው።
ልጄ ትርንጎ ከባሕር ዳር በስልክ
«ቀስ በል፣ ከመገጣጠሚያው ጋ፣ አባዬ» እያለችኝ
ብልቱን ደርድሬ ብቆጥረው አሥራ አንድ መጣብኝ።
ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።
ሳቅሁ፤ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዬ።
«ምን ሆንክ?» አለችኝ።
«ምንም። ልክ ነው» አልኳት።

ነጭ ሽንኩርቱን ነቀልኩ፣ ግማሹን አዘዞ ገበያ ሸጥኩ፣
ግማሹን ለዘር ብዬ ከማጀቱ ጣራ ሰቀልኩ።
ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ጌሾው በአንድ በኩል ብቻ፣
ግሞቹ በተኙበት በኩል፣ ጠቁሮ ለመለመ።

ዘንድሮ፣ መስቀል ሲያልፍ፣ አምና ጫጩት የነበረች ቄብ
ላባዋን ነፍታ ጭዱ ላይ ተኛች፤
ብነካት በመንቆሯ ወጋችኝ።
እንቁላሎቹን ወደ ፀሐይ አነሳሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣
ምን እንደማይ ሳላውቅ አሥራ አንድ መረጥኩ።
ከሰል አነሳሁ፣ በየሆዳቸው አንዳንድ አሰመርኩ።
በአንደኛው ላይ ሁለት።

ጎረቤቴ ገላው አጥሩ ላይ ተደግፎ
«እሱስ ለምንድን ነው?» አለኝ።
ጣሳዋን አንስቼ
ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።