ልዩ ልዩ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው ሲናገር እጄ ይሮጣል፤
ግማሹን ይይዛል፣ ግማሹን ይተዋል፣ ይመርጣል።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ላይ፣
ካርታ ተነጥፏል እንደ አዲስ አንሶላ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚታይ።
«የባሕር ዳር የአየር ንብረት ዕቅድ» ይላል አናቱ በደማቁ ታትሞ፣
የሐይቁ ዳርቻ አረንጓዴ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለምልሞ።
ዘንባባ፣ የእግር መንገድ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መናፈሻ፤
ውሃ የሞላ ጊዜ፣ ለከተማዋ መተንፈሻ።
ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤
ከእንዲህ ያለ ከተማ ማንም አይሸሽም።

ከበሩ አጠገብ፣ ትርፍ ወንበር ላይ፣ ወይዘሮ ጦይባ ናቸው፤
«አንድ የኅብረተሰብ ተወካይ» የሚል ስም የለሽ ደብዳቤ የጠራቸው።
መዝገቡ ዞሮ ደረሳቸው፤ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ማዕረግ፣ ስልክ።
«ሐይቁ ነው መሥሪያ ቤቴ፤ ብለህ ብትጽፈው አይሆንም ልክ?»
ሳቅኩ፣ አልጻፍኩም። የማኅተሙን ቀለም አቀረብኩላቸው፤
ደንገል ሲገምድ የሻከረ አውራ ጣታቸውን ነከሩ።
«ይበቃል?» አሉ። «ይበቃል» አልኳቸው።

ኢንጂነር ፈንታው አስረዱ፤ የሃያ ዓመት ልኬት አለ፤
«ውሃው እዚህ ይቆማል፣ ከዚህ አያልፍም» ተባለ።

«ይቆማል?» አሉ ጦይባ፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው ተነሥተው።
«ማን አቁሞት?
ደጄ ላይ ሾላ አለ። ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣
በየክረምቱ ውሃው የደረሰበትን በመጥረቢያ ይቆርጥበት ነበር።
ሦስት ጊዜ ከወፍጮዬ ድንጋይ በላይ፣ አንዴ ከመደቡ በላይ።
ያን ሌሊት ሕፃኗን ታንኳ ውስጥ አሳድረናታል።
ደንገሉ እያለ ውሃው እንደ እንግዳ ነበር የሚመጣው፣
ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።
ደንገሉን ለሆቴሉ ስትነቅሉት
እንደ አበዳሪ መጣ፣
በሩን ገንጥሎ።
እስቲ ቤቴን አሳዩኝ።»

ማንም አላሳያቸውም። ራሳቸው ካርታው ላይ አጎነበሱ፤
ከድልድዩ ተነሥተው፣ በዳርቻው ይዘው፣
አንዱን አግዳሚ ወንበር አልፈው፣ ሌላውን አልፈው፣
«እዚህ ነው» አሉ፣ ጣታቸውን አሳርፈው።

ቀለሙ አልደረቀም ነበር።
አረንጓዴው መሀል አንዲት ሰማያዊ ቀረች፣
ክብ፣ ትንሽ ኩሬ የምታህል፣
ውስጧ ሞገድ በሞገድ ላይ የሚዞር።

«ካርታው ተበላሸ» አሉ ሰብሳቢው። «ሌላ ይታተም።»
ወደ ምሳ ወጣን። ቀረሶ ነበር፣ የተጠበሰ።
ከየትኛው ጀልባ፣ ከማን መረብ እንደመጣ
ማንም አልጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ «የሴትዮዋን ነገር በየትኛው አጀንዳ ልያዘው?» አልኩ።
«ልዩ ልዩ ውስጥ። አንዲት መስመር።»
ጻፍኩ፦ *አንድ ተሳታፊ አስተያየት ሰጥተዋል።*
አነበብኩት። የሰጡትን ፈለግኩ፤ የለም።

ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ አባይ ማዶ ተሻገርኩ፣ ሜትር በኪሴ።
ሾላው አለ። ሠላሳ አንድ ቁርጥ፣
የታችኞቹ ቅርፊት ውጧቸው በጣት ብቻ የሚታወቁ።
የላይኛው አንገቴ ላይ ይደርሳል።
ኢንጂነሩ ከእኔ አጭር ናቸው።

አዲሱ ካርታ ታትሞ ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ ንጹሕ ነው።
የተበላሸው እኔ ቤት ነው፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ።
ቀጣዩ ስብሰባ ለነሐሴ ተቀጥሯል፤
ሐምሌ ግን ይቀድማል።

የጥሪው ደብዳቤ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፣ ያው፣
«አንድ የኅብረተሰብ ተወካይ»።
ሰረዝኩት። በእጄ ጻፍኩ፦
ስም፣ ጦይባ ሰይድ።
መሥሪያ ቤት፣ ሐይቁ።
ማዕረግ የሚለው ላይ
ብዕሬ እስካሁን ቆሟል።