ዐሥራ ሰባት አውራ ጣት

አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከተዘጋው ፈትል ፋብሪካ ጀርባ፣
ቆርቆሮው የሚያላዝን መጋዘን አለ፣ ነፋስ ከዱከም ሲገባ።
ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁት፤
ቁልፉ ከብዶ ቀበቶዬን ሲበጥሰው፣ ሦስቴ ቀየርሁት።

ውስጡ ወረቀት ነው አሉኝ፤ የድሮ ክስ፣ የድሮ ግብር፣
ዘለቀ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የተጫነ የመስታወት ነገር፣
መዝገብ በሰም የታሸገ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
“ማንም እንዳይነካ” የሚል፣ በሩ ላይ ተለጥፎ የኖረ።

ሰው ከመጣ “ደብዳቤ?” እላለሁ። ሦስት ፊርማ፣ ክብ ማኅተም።
ያለ ደብዳቤ የሚገባ አይጥ ነበር፤ እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

አንዲት ሴት ከቆዬ ፈጬ ሦስት ክረምት መጣች ማልዳ፣
የአባቷን ስም ፍለጋ፣ ያለ ደብዳቤ፣ እንደ ባዳ።
በሁለት ታክሲ፣ በአንድ ባጃጅ፣ ጫማዋ በመረሬ ከብዶ፤
ሦስቴም መለስኳት በባዶ።

ከዚያ ደጊቱ መጣች፣ የታሪክ ምሁር፣ የመዝገቡ ኃላፊ ተብላ።
መጀመሪያ የጠየቀችኝ መሰላል ነው፤ ጣራ ላይ ወጣች ቀሚሷን ጠቅልላ፤
ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈነች፤
ወርዳ እጇን በነጭ ጋዝ ታጠበችና “ጋሼ ቶሎሳ፣ በሩን ክፈት” አለች።

“ለማን?”
“ለመጣው።”

ጠረጴዛ አወጣች ደጅ፣ ከተጣለ በር የተሠራ፤
ስልኳን በጣውላ አቁማ፣ ወረቀቱን በተራ በተራ
ፎቶ አነሣች። “ውሰዱት” ትላለች፣ “ሂሳብ የለም፣ ፊርማ የለም፤
ለአይጥ ያልተከለከለ ለእናንተ አይከለከልም።”

ከመሀል ከተማ ኮሚቴ መጣ። “ቅርስ እንደ ብቅል ይሰጣል ደጅ?”
“ይሰጣል” አለች ደጊቱ። እነሱ ስለ ፀሐይ አሉ፤ እሷ ስለ ሰው እጅ።
አንድ መዝገብ አወጣችላቸው፤ መሀሉ የተበላ፣ ዳሩ ሙሉ።
“ይኸው የተከበረው” አለች። የቀረበውን ሻይ ሳይቀምሱ ሄዱ ሁሉ።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠራችኝ። “ጋሼ፣ የአባትህ ስም ማነው?”
“ዲንቃ ቡልቶ።” ወረቀቱን አዞረችልኝ። እዚያው ነው።
ለፋብሪካው ስለተወሰደ መሬት፤ ይህ መጋዘን ስለቆመበት።
ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት የራሴ አባት ጩኸት ነው፤ ቁልፉን ይዤ፣ እኔው የዘጋሁበት።

ግን ቃሉ! “ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ እንደ ውሻ ደጅዎን ጠንቼ…”
አባቴን ለሰው ሲወድቅ አይቼ
አላውቅም። በቅሎ የሚገራ ሰው ነበር፣ ድምፁ ወንዙን የሚሻገር።
“ሌላውን ለዓለም አሳዪ” አልኳት፣ “ይቺ አንዷ ግን ትቅር።”

ዝም አለች፣ ረዥም። የምትምልበትን ነው የጠየቅኋት እንድትክድ።
ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ፣ ያለ ፊርማ። “እስከ ታች አስነብበው” ብላ፣ ሳትፈርድ።

ሦስት ሌሊት ቱሉ ዲምቱ፣ ከትራሴ ሥር አደረ።
ፊደል አልቆጠርሁም። በአራተኛው ሲምቦ፣ የልጅ ልጄ፣ አነበበችልኝ፣ የድሮው ጽሕፈት በአፏ እየተሰበረ።
መግቢያው ልመና ነው፤ ከሥሩ ግን ስም አለ፣ ጎረቤት በጎረቤት፣
ከወንዙ ዳር እስከ ጉብታው የነበረ ዐሥራ ሰባት ቤት፤
በየስሙ ጎን አውራ ጣት። ሐምራዊ። የአባቴ አምስተኛ።
አንዱን ማጭድ የሰነጠቀው፤ አንዱ ትንሽ፣ የሴት የሚመስል፣ ዘጠነኛ።

የኔ ነው ብዬ የደበቅሁት የዐሥራ ሰባት ቤት ነው ለካ።
ማልጄ መለስሁት። ደጊቱ ምንም አላለች፤ ብርሃኑን ጠበቀች እስኪፈካ።

አሁን በሰው ስልክ ይዞራል። ከዱከም አንዱ ደውሎ አለቀሰ፤ ከገላን አንዱ ሰደበኝ፤
የአባቴ መውደቅ በሰው ፊት ሲነበብ፣ አልዋሽም፣ ኀፍረቱ አሁንም አልለቀቀኝ።

ማታ በሩን እዘጋለሁ። ለጅብ ነው፣ ለጎርፍ ነው።
ጠዋት ከፍቼ፣ በቆዬ መንገድ ባጃጅ በቆመ ቁጥር፣ የማየው ጫማ ነው።
ሦስቴ የመለስኳት ሴት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።
ደብዳቤ ነበር የጠየቅሁት።